ውሃ የነካው ኮርኒስ፦ ነሐሴ ላይ ፈልጉት፣ ጥቅምት ላይ ቀቡት

ጳጉሜ ሲገባ ሰፈራችን ቀለም ቀለም ይሸታል። የምንኖረው ካራ አሎ ነው፤ ከኮተቤ አለፍ ብሎ፣ የከተማው ጫፍ ላይ። እንቁጣጣሽ ሳይደርስ ቤት ይታደሳል። መጋረጃ ይወርዳል፣ ግድግዳ ይታጠባል፣ ከዚያ ሁሉም ቀና ብሎ ኮርኒሱን ያያል። ክረምቱን ሙሉ ሲሰፋ የከረመው ቢጫ ምልክት እዚያው አለ። "እሱንም አንድ እጅ አስነኩት" ይባላል። ይቀባል። ለመስቀል እንግዳ ሲመጣ ምልክቱ ተመልሶ ወጥቷል።

እኛ ቤት ሁለት ዓመት በተከታታይ እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው ዓመት ሐምሌ ላይ እናቴ ከምትተኛበት ክፍል አንድ ሙሉ ችፑድ ተገንጥሎ ወረደ። ደግነቱ እሷ ማድቤት ነበረች። ከአልጋዋ ላይ ሳነሳው እንደ ራሰ ዳቦ እጄ ላይ ተፈረካከሰ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እውነት ነው። ያ ቢጫ ምልክት ሁለት ዓመት ሙሉ ሲነግረን ነበር፤ እኛ ግን በቀለም ዝም አሰኘነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አናጢ ጠየቅሁ፣ ራሴም መሰላል ይዤ ወጣሁ። የገባኝን ልንገራችሁ። ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ኮርኒሱ የሚያሳያችሁ ውሃው የወረደበትን ቦታ እንጂ የገባበትን አይደለም። የገባበት ሳይገኝ፣ የረጠበው ሳይደርቅ የሚደረግ ጥገና ሁሉ ገንዘብ መጣል ነው።

አሁን እያንጠባጠበ ከሆነ

መጀመሪያ መብራት። ውሃው አምፖል አጠገብ ከሆነ ወይም በአምፖሉ ሽቦ በኩል የሚወርድ ከሆነ፣ ብሬከሩን አጥፉ። የክፍሉን ማብሪያ ማጥፊያ መጫን ብቻ አይበቃም፤ አምፖሉ ጠፍቶም ሽቦው ላይ ኤሌክትሪክ ሊኖር ይችላል። ወደ ቤታችን የሚገባው 220 ቮልት ነው፤ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ሰው ይገድላል። ብሬከሩ ያለበት ቦታ ራሱ ከረጠበ አትንኩት፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥሩ። አምፖሉ ውሃ ከጠጣም ባለሙያ ሳያየው መልሳችሁ አታብሩት።

ቀጥሎ ኮርኒሱ ሆዱን ነፍቶ እንደሆነ እዩ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ሆዱን የነፋ ኮርኒስ ሃያ ሠላሳ ኪሎ ተሸክሞ ሊሆን ይችላል። በተለይ ከማዳበሪያ ጆንያ የተሰፋ ኮርኒስ ውሃውን እንደ ከረጢት ይይዘዋል። አልጋና ሶፋውን አውጡ፣ ሳፋ ከስር አድርጉ፣ ከዚያ ከእብጠቱ ዝቅ ያለውን ቦታ በካቻቢቴ ጫፍ ትንሽ ብሱት። ከጎን ሆናችሁ እንጂ ከስሩ ቆማችሁ አይደለም። የሚወርደው ውሃ የዓመታት አቧራና የአይጥ ኩስ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ዓይናችሁን ጠብቁ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። በትንሽ ቀዳዳ ቀስ ብሎ መፍሰሱ ሌሊት በድንገት ተገንጥሎ ሰው ላይ ከሚወድቅ በጣም ይሻላል።

ይሄ የዛሬው ሥራ ነው። ሌላው ሁሉ ትዕግሥት ይፈልጋል።

ውሃው የሚመጣበት ሰዓት

ጣሪያ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ደብተር ያዙ። ከልቤ ነው። ውሃው የታየበትን ቀንና ሰዓት፣ ያን ቀን ዝናብ መኖር አለመኖሩን ጻፉ። ሁለት ሳምንት ከጻፋችሁ ግማሹን መልስ ታገኙታላችሁ።

ሲዘንብ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ጥፋቱ ከጣሪያው ነው። ይሄ ብዙ ሰው የሚያውቀው ነው። ግን ዝናብ ሳይኖር ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት ብቻ የሚያንጠባጥብ ቤትስ? የውሃ ፈረቃችሁ መቼ እንደሆነ አስቡ። እኛ ጋ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ፣ ብዙውን ጊዜም ሌሊት ነው። ከፍ ብሎ የተቀመጠው ሮቶ ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ ኳስ ከተበላሸ፣ ሁሉም ተኝቶ ሳለ ሞልቶ ይፈሳል። ጎረቤታችን ያሉ አንዲት እናት ለጣሪያቸው ስንት ጊዜ ሰው አስወጡ፤ ጥፋቱ ያቺ ኳስ ነበረች። "እማማ፣ ውሃው በመጣ ሌሊት ብቻ ነው እንዴ?" ብዬ ስጠይቃቸው ትንሽ አሰቡና "ውይ ልጄ፣ እውነትህን ነው!" አሉኝ።

ሦስተኛው ዓይነት በጣም ያሳስታል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ዝናብ ከቆመ ሳምንታት አልፈውት፣ ጠዋት ጠዋት ጠብ ጠብ ይላል። ይሄ የሚያፈስ ጣሪያ አይደለም፤ ቆርቆሮው ራሱ ያላበው ነው። አብዛኛው የአዲስ አበባ ክፍል ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ስለሆነ ሌሊቱ ይበርዳል። ደመና በሌለበት ሌሊት ቆርቆሮ ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከአካባቢው አየር እንኳን በላይ ይቀዘቅዛል። ከማድቤትና ከሻወር የወጣው እንፋሎት ወደ ላይ ሄዶ ሲነካው ወደ ውሃነት ይለወጣል። የድስት ክዳን ስታነሱ ከውስጥ የሚንጠባጠበው ማለት ነው። ምልክቱም ይለያል፦ አንድ ትልቅ ክብ ሳይሆን ብዙ ትናንሽ ነጠብጣቦች፣ አብዛኛውን ጊዜ በእንጨቱ መስመር ተሰልፈው። መፍትሔውም ሬንጅ አይደለም። ከኮርኒሱ በላይ ያለው ባዶ ቦታ አየር እንዲገባው ከክፈፉ ስር በወንፊት የተሸፈነ ቀዳዳ መተው፣ የማድቤቱንም እንፋሎት ወደ ውጭ ማስወጣት ነው።

ዝናብም ፈረቃም ሳይል ሁልጊዜ የሚረጥብ ከሆነ ደግሞ ከላይ የሚያልፍ ቧንቧ አለ ማለት ነው።

ጣሪያው ላይ

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ ልክ አንድ ሊትር ይሆናል። 80 ካሬ ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር የሚሆን የነሐሴ ዝናብ ወረደ እንበል። 2,400 ሊትር ነው፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 120 መሆኑ ነው። ከዚህ ከመቶ አንዱ ብቻ ሾልኮ ቢገባ 24 ሊትር ኮርኒሱ ላይ ተኛ ማለት ነው። ስለዚህ "ትንሽ ቀዳዳ ናት" ብላችሁ አትተዉ።

አብዛኛው ችግር ሚስማሩ ጋ ነው። ቆርቆሮ ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ማታ በብርድ ይሰበሰባል። ስድስት ሜትር ርዝመት ያለው ቆርቆሮ የቀንና የሌሊት ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ቢለያይ ወደ ሦስት ሚሊ ሜትር ይጠጋል። በየቀኑ፣ ዓመት ከዓመት። ሚስማሩ ቀስ በቀስ ይላላል፣ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ከስሩ ያለችው ጎማም በፀሐይ ትደርቅና ትሰነጠቃለች። ሚስማር መመታት ያለበት በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው፤ ውሃው የሚሄደው በጎድጓዳው ነውና። ጎድጓዳው ላይ የተመታ ሚስማር ካያችሁ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ። የላላውን መልሶ በመዶሻ መምታት ለሳምንት ነው የሚሆነው። ነቅላችሁ ወፈርና ረዘም ባለ፣ አዲስ ጎማ ባለው ተኩት።

ሌላው ቆርቆሮና ቆርቆሮ የሚደራረቡበት ነው። መደራረቡ ጠባብ ከሆነ፣ ወይም አፉ ነፋስ ወደሚመጣበት ከዞረ፣ ውሃው በቀጭኗ ክፍተት ሽቅብ ተስቦ ይገባል። የፋኖስ ክር ጋዙን ወደ ላይ እንደሚስብ ማለት ነው። ከዚያ ወደ ታች ቀጥ ብሎ አይወድቅም። በቆርቆሮው ሆድ ይንሸራተታል፣ ሞራሌ፣ ማለትም ቆርቆሮው የተመታበትን እንጨት፣ ሲያገኝ እሱን ይከተላል፣ እንጨት ከእንጨት የሚገናኝበት ሲደርስ ጠብ ይላል። የእናቴ ክፍል ምልክት ከአልጋዋ በላይ ነበር። ውሃው የሚገባው ግን ሳሎኑ ላይ ካለው ኮልሞ (የጣሪያው አናት ክዳን) ስር ነበር፤ አራት ሜትር ያህል ርቆ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሬንጅ ያስቀባነው የማያፈስ ቦታ ላይ ነው።

አሸንዳን አትርሱ። እኛ ጋ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይሞላዋል። አሸንዳው ሲደፈን ውሃው ወደ ኋላ ይመለስና በግድግዳው አናት በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። ምልክቱ ኮርኒሱና ግድግዳው በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ከሆነ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ ይሄ ነው። በረዶ ሲጥልም እንዲሁ፤ በረዶው አሸንዳው ውስጥ ተከምሮ መውረጃውን ይዘጋል፣ ሲቀልጥ ሞልቶ ወደ ቤት ይገባል። ግንቦት መጨረሻ አንዴ፣ ሐምሌ አጋማሽ አንዴ ማጽዳት ነው። በኋላ የተቀጠለ ክፍል ካላችሁም አዲሱና አሮጌው ጣሪያ የሚገናኙበትን እዩ። የከተማው ዳር ቤት በየዓመቱ አንዳንድ ክፍል እየተቀጠለ ነው የሚያድገው፤ መገናኛው ሁሌም ደካማ ነው።

ቀዳዳውን ለማግኘት በጠራራ ፀሐይ ከኮርኒሱ በላይ ግቡና ባትሪያችሁን አጥፉ። ኮርኒሱን ሳይሆን ወፍራሙን እንጨት እየረገጣችሁ። ጨለማ ውስጥ ቀዳዳው እንደ ኮከብ ያበራል። በጠመኔ ክበቡት። ብርሃን የማያሳልፍ ከሆነ በውሃ ጎማ ሞክሩ፦ አንድ ሰው ውጭ፣ አንድ ሰው ውስጥ። ከጣሪያው ታችኛው ጫፍ ጀምራችሁ ወደ ላይ፣ አንድ ቦታ ላይ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ እየቆያችሁ። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ሁሉንም ስለሚያዳርስ የቱ እንዳስገባ አይለይም። የረጠበ ቆርቆሮ ላይ ግን በፍጹም አትውጡ። በደረቁም ቢሆን የሚረገጠው የሚስማሩ መስመር ላይ ነው፤ ከስሩ እንጨት አለና።

ሲሊኮንም ሬንጅም ቆሻሻና እርጥበት ያለበት ቆርቆሮ ላይ አይያዝም። በሽቦ ብሩሽ ፈትጉት፣ አድርቁት፣ ከዚያ ቀቡ። ሬንጅ በበጋ ፀሐይ ስለሚሰነጠቅ ክረምቱን ለመሻገር ካልሆነ አትመኑት።

ኮንዶሚኒየም ለምትኖሩ ደግሞ፣ ኮዬ ፈጬም ሆነ ቦሌ አራብሳ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ያለው ሻወር ነው። ሳትቆጡ ውጡና "እትዬ፣ ይቅርታ፣ አንዴ ወርደው ቢያዩልኝ" በሉ። በዓይናቸው ሲያዩት ሰዎች ይተባበራሉ። ሁለት ቀን ሻወሩን ሳይጠቀሙ ይቆዩ። ከደረቀ ጥፋቱ የወለሉ ወይም የፍሳሹ ነው፤ ውሃ በመጣ ቁጥር ከረጠበ ደግሞ የቧንቧው። ጣሪያውና የጋራ ቧንቧው ግን የአንድ ሰው ዕዳ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ የሆነውን የሕንፃ ክፍል የሚያስተዳድረው የቤት ባለቤቶቹ ማኅበር ነው።

ማድረቅ

ሰው ሁሉ የሚዘለው ይሄን ነው። ከውጭ የደረቀ የሚመስል ኮርኒስ ከውስጥ እርጥብ ነው። መስከረም ላይም ዝናቡ ገና አላበቃም፤ ለእንቁጣጣሽ የተቀባው ሁሉ የሚላጠው ለዚህ ነው። እርጥበቱ መውጫ ሲፈልግ ቀለሙን ገፍቶ ይወጣል።

ሻጋታም አለ። የረጠበ ነገር በ24 እና በ48 ሰዓት መካከል ካልደረቀ ሻጋታ መያዝ ይጀምራል። ሕፃን ወይም አስም ያለበት ሰው ካለ ከክፍሉ አውጡት። ሻጋታ የያዘውን ችፑድና ጂፕሰም ቆርጣችሁ ጣሉት፤ በረኪና ከላይ ያነጣዋል እንጂ ውስጡ አይደርስም። በረኪናን ደግሞ ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል።

መስኮት ክፈቱ፣ የተጎዳውን ቆርጣችሁ አየር አስገቡ፣ ጠብቁ። መድረቁን ለማወቅ አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሆነ ፌስታል ዙሪያውን በፕላስተር ኮርኒሱ ላይ ለጥፉና ለ24 ሰዓት ተዉት። ሲነሳ ከስሩ ላብ ካለ ገና ነው። እኛ ቤት ጥቅምት አጋማሽ ድረስ ፈጅቷል። ፀሐዩና ደረቁ ነፋስ ሲመጣ ያለ ምንም ማሽን ይደርቃል።

እንደየዓይነቱ

ችፑድ ካበጠ አይመለስም። የእንጨት ስባሪ በሙጫ ተጨፍልቆ የተሠራ ስለሆነ ውሃ ሲጠጣ ስባሪው ይነፋል፣ ሙጫው ይለቃል። ቀይሩት። ኮምፔንሳቶም ገጹ ከተላቀቀ እንዲሁ። አቡጀዴ ግን ይድናል፤ ካልበሰበሰ ይራገፋል፣ ይደርቃል፣ ተወጥሮ ይሰፋል።

ጂፕሰም ቦርድ በጣት ሲነኩት ጠንካራ ከሆነ ይቆይ። ከለሰለሰ ወይም ከረገበ አራት ማዕዘን አድርጋችሁ፣ የሚይዘው ብረት ወይም እንጨት መሀል ድረስ ቁረጡት። ተተኪው ውፍረቱ ከአሮጌው እኩል ይሁን። ከታሰረ በኋላ መገጣጠሚያው ላይ መረብ መሰል ቴፕ ይለጠፍና ጀሶ ይለሰናል።

ጀሶን ትንሽ ልቆይበት፤ ብዙ ጥገና የሚበላሸው እዚህ ነው። ጀሶ ድንጋይ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በሚወርደው ገደል ውስጥ ይህ ድንጋይ በብዛት አለ። ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህሉ በውስጡ የታሰረ ውሃ ነው። 150 ዲግሪ አካባቢ ሲቃጠል ከዚህ ውሃ ሦስት አራተኛውን ይለቅና ዱቄት ይሆናል። እናንተ ሳፋ ውስጥ ስታቦኩት ያጣውን ውሃ መልሶ ይወስድና እንደገና ድንጋይ ይሆናል። ሳፋውን ከውጭ በእጃችሁ ዳብሱት፤ ሲጠነክር ይሞቃል። እሳቱ ያስገባበትን ሙቀት እየመለሰ ነው።

ስለዚህ ጀሶውን ወደ ውሃው ነስንሱ እንጂ ውሃውን ጀሶ ላይ አታፍስሱ፤ ይጓጉላል። በአንድ ጊዜ ብዙ አታቡኩ። መጠንከር ከጀመረ በኋላ ውሃ ጨምራችሁ ልታለሰልሱት አትሞክሩ፤ ሲደርቅ እንደ አመድ ይረግፋል። ሳፋውንና ስፓቱላውን በየዙሩ እጠቡ፤ የቀድሞው ጀሶ ቅሪት አዲሱን ቶሎ ያደርቀዋል። ስስ አድርጋችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ለስኑ፣ በመጨረሻ በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉ። ጀሶ ውሃ ውስጥ በጥቂቱ ይሟሟል፤ ጣሪያው እያፈሰ ከቀጠለ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየታጠበ ይሄዳል።

ሶለታ፣ ማለትም የኮንክሪት ጣሪያ፣ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። የዝገት መስመር ካያችሁ ወይም ሲሚንቶው እየተፈረፈረ ብረቱ ከታየ፣ ጀሶ አትለጥፉበት። ብረት ሲዝግ ያብጣል፤ ሲያብጥ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። መሐንዲስ ይየው።

ቀለም

ቡና ረከቦት ላይ ሲፈስና ሲደርቅ አይታችሁ ከሆነ፣ ዳሩ ከመሀሉ ይጠቁራል። የኮርኒሱም ቢጫ ቀለበት እንደዚያው ነው። ውሃው ከእንጨቱ፣ ከአቧራውና ከዝገቱ ቀለም ይዞ ይመጣል፤ ዳር ዳሩ ቶሎ ስለሚደርቅ ሁሉም ወደዚያ እየተሳበ እዚያ ይቀራል።

ይህ እድፍ በውሃ ይሟሟል። የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም ደግሞ በውሃ የሚበጠበጥ ነው። ቀለሙ ሲነካው እድፉ እንደገና ይሟሟና ወደ ላይ ይወጣል። ሦስት እጅ ብትቀቡም ያው ነው። ስለዚህ የደረቀውን እድፍ መጀመሪያ በዘይት ቀለም ሸፍኑት፤ ከእድፉ ዳር አንድ ስንዝር ያህል አልፋችሁ። ቲነር ስላለው መስኮት ክፍት ይሁን፣ እሳት አይኑር። አንድ ሌሊት አድርቁት፣ በብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርጋችሁ ፈትጉት፣ ከዚያ ሙሉ ኮርኒሱን በፕላስቲክ ቀለም ቀቡ። የተጠገነውን ቦታ ብቻ ከቀባችሁ ዓይን ላይ ይቀራል።

ከመዝጋታችሁ በፊት አንድ ሰው ማለፍ የሚችልበት መውጫ ኮርኒሱ ላይ አስተዉ። እኛ ኮሪደሩ ላይ አስተውተናል። ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል ባትሪ ይዤ በዚያ እወጣለሁ፤ በጠመኔ የከበብኳቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ እየዳበስኩ አያለሁ።